ስምንተኛው ሽምብራ

ይህን የፍቅር ታሪክ የማወራችሁ እኔ ፍቅር ላይ የረባ ልምድ የለኝም። ልምዴ ታሪክ ላይ ነው። ውዱ እባላለሁ፤ ጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ ዘንድሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ሚስት የለኝም። ምክንያቱ እንፍራንዝ ነው ያለችው፤ እሷም እስካሁን እንዳላገባች እሰማለሁ፤ ስለ እሷ ግን ዛሬ አንነጋገርም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዝሙር ነው።

መዝሙር እኛው ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲጨነቅ እጁ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ነው። ፈተና ሲያወጣ ጠመኔ ሲያኝክ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህችን ጠባዩን ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

የእኔና የእሱ ጠብ አንድ ብቻ ነበር። ያለፈ ጊዜ በዓይን ይታያል ወይስ አይታይም? እኔ አይታይም ባይ ነኝ። ያለፈ ነገር ወረቀት ላይ ይነበባል፣ ከሽማግሌ አፍ ይሰማል እንጂ ማን ሄዶ ያየዋል? መዝሙር ግን መምህራን ክፍል በተቀመጥን ቁጥር ጣቱን ወደ መስኮቱ ይቀስራል።

"ጋሽ ውዱ፣ ያችን ፀሐይ ያዩዋታል?"

"ዓይን የለኝም እንዴ?"

"የሚያዩት የአሁኗን አይደለም። ብርሃኗ እዚህ እስኪደርስ ስምንት ደቂቃ ይፈጅበታል። የሚያዩት ከስምንት ደቂቃ በፊት የነበረችውን ፀሐይ ነው።"

"ስምንት ደቂቃ ምኑ ታሪክ ይባላል? እኔ የማስተምረው መቶና ሁለት መቶ ዓመት ነው።"

"መቶና ሁለት መቶ ዓመት የፈጀባቸው ከዋክብትም አሉ" ይላል ሳይናደድ። ሳይናደድ ማሸነፉ ነበር የሚያናድደኝ።

ዓይናዲስን ያገኛትም በዚችው ፀሐይ ሰበብ ነው። አምና ተማሪዎቹን ይዞ ወደ ኮሶዬ ወጣ። የካርቶን ሣጥን በስቶ፣ የፀሐይን ምስል ሣጥኑ ውስጥ እያሳየ፣ ያቺኑ የስምንት ደቂቃ ትምህርቱን ያስተምራል። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ቦት ጫማ ያጠለቀች ልጅ በአንድ እጇ የበግ ጆሮ፣ በሌላው መርፌ ይዛ የገበሬውን ከብት ትከትብ ነበር። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት፤ የኮሶዬ ልጅ። ትምህርቱን ሁሉ ሰምታ ጨርሳ ኖሮ ከማዶ ጮኸች።

"እንግዲያ እኔንም የምታየኝ ድሮዬን ነው?"

"አዎ" አላት መዝሙር። "በጣም በጥቂቱ።"

"በስንት?"

መዝሙር ርቀቱን በዓይኑ ለክቶ አሰበ። "አንዱ ሰከንድ መቶ ሚሊዮን ቦታ ቢከፈል፣ ከዚያ ሁለቱን ያህል።"

"ታዲያ ቅረብና የዛሬዬን እይ" አለችው። "በዚያውም ይህን በግ ያዝልኝ።"

ቀረበ። በጉን ያዘላት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ያን ቀን በጉ ተከትቦ ዳነ፤ መዝሙር ግን እንደ ታመመ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤ ተጻጻፉ። በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን ያደርጋል እንዳትሉኝ፤ የዓይናዲስ ቤት ያለው ከዋናው መንገድ ወደ ታች ወረድ ብሎ ነው፤ ኔትወርክ እዚያ የሚመጣው ነፋሱ ደስ ሲለው ብቻ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ዳኛው የሚባል በደባርቅ መስመር ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነበር። ዳኛው ደግ ነው፤ ይረሳል እንጂ። ደብዳቤውን ከመስታወቱ በላይ ይሸጉጠውና ኮሶዬን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል፤ ሲመለስም ረስቶት ጎንደር ይገባል። አንዳንዱ ደብዳቤ ሦስቴ ተመላልሶ ነው የሚደርሰው። አንድ ጊዜ "ይቅር ብዬሃለሁ" የሚለው ደብዳቤዋ ቀድሞ ደረሰ፤ "ተቀይሜሃለሁ" የሚለው በሁለት ቀን ዘግይቶ ተከተለው። መዝሙር በመሀሉ በደስታ ጫማ ገዝቶ ነበር፤ ሁለተኛውን ሲያነብ በአዲሱ ጫማ ላይ አለቀሰ።

"አትቀየም፣ የቆየ ብርሃን ነው" ብዬ ያጽናናሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤዎቹን የማነበው በእሱ ፈቃድ ነበር። በኋላ በኋላ ያለ ፈቃዱም አነብ ነበር።

ሽማግሌ የመላኩ ነገር ሲመጣ ግን ጨዋታው ሌላ ሆነ። የመዝሙር አባት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ የዜማ መምህር ናቸው፤ ዘር ማንዘራቸው ከደብር አልወጣም።

"ምን ትሠራለች አልኸኝ?" አሉት።

"የእንስሳት ሐኪም ናት፣ አባዬ።"

"በግ ትወጋለች ማለት ነው?"

"ትከትባለች።"

"ኸረ እንዴት ያለ ነገር ነው!" ብለው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

በኮሶዬም ቢሆን የሚዘፍን አልነበረም። የዓይናዲስ አባት አዳነ ካረፈ ቆይቷል። እናቷ ወይዘሮ ሸዋአየሁ ናቸው እርሻውን ቀጥ አድርገው የያዙት። "በሬ የለው፣ ቁራሽ መሬት የለው" አሉ አሉ። "ብርሃን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያውቃል። ምነው ልጄ፣ ብርሃን ይበላል?"

ያም ሆኖ ሁለቱም ወላጆች ቀስ በቀስ ለዘብ አሉ። የማይለዝበው ሰባት ቤት ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሊጋባ ሲል ዘር ይቆጠራል። ከአባት ይጀመርና ወደ ላይ፣ አንድ ሁለት እየተባለ ይወጣል። ከሁለቱ አንዱ ወገን እንኳ እስከ ሰባተኛው ቤት ድረስ ከሌላው ጋር አንድ አያት ላይ ከተገናኘ፣ እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። በሁለቱም ወገን ሰባቱ ሞልቶ ስምንተኛው ላይ ከተገናኙ ግን ዝምድናው አልቋል፤ እልል ነው።

ቆጣሪው ደግሞ የዓይናዲስ አያት አያ ሰውአገኝ ነበሩ። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሞ ሰውን በድምፁ ነው የሚለዩት። በአጠገባቸው የቆመውን አያዩም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ማን ማንን እንደወለደ ግን ፊት ለፊታቸው እንዳለ ይናገራሉ። ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲቆጥሩ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም ይባላል። የቆጠሩት አይደገምም። ድገሙልን ማለት አያ ሰውአገኝን ውሸታም ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ነውር ደግሞ በዚያ አገር ማንም አይደፍረውም።

* * *

የቆጠራው ዕለት እሑድ ነበር፤ ከቅዳሴ በኋላ። አባት ለዘር ቆጠራ ግድ ነውና መሪጌታ መጡ። እኔ ሽማግሌ ሆንኩ። ሌላው ሽማግሌ ሆዱን ስላመመው ዳኛው ከመሪው ላይ ተነሥቶ፣ ነጠላ ተውሶ፣ ሽማግሌ ሆነ። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። መዝሙርም በደንቡ መቅረት ነበረበት፤ አያ ሰውአገኝ ግን "በሌለበት አልቆጥርም፤ ልጁ ራሱ አጠገቤ ይቀመጥ" ብለው አስጠሩት።

እኔ ስልኬን ጉልበቴ ላይ ደግፌ መቅረጽ ጀመርኩ። ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ ነው።

"ምንድን ነው የያዝኸው?" አሉ አያ ሰውአገኝ፣ እንቅስቃሴዬን ሰምተው።

"የሚሆነውን የሚይዝ ነው፣ አያ።"

"ሸጋ። ይያዝ። እኔ የሆነውን እይዛለሁ።"

አያ ሰውአገኝ የሚቆጥሩት በሽምብራ ነው። አንድ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ የተቆላ ሽምብራ ሰፌድ ላይ ያኖራሉ። ለምን ጥሬ እንዳልሆነ ስጠይቃቸው "ጥሬ ይበቅላል፤ ያለፈ ሰው አይበቅልም" አሉኝ። በቀኝ በኩል ለእንግዳ የቀረበው ቆሎ በሰፌድ አለ፤ እሱም ሽምብራ ነው። በግራ የአያቶቹ ሰፌድ። በሁለቱ ሰፌዶች መሀል፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ መዝሙር ተቀምጧል።

በመጀመሪያ የእሳቸውን ወገን ቆጠሩ። "የዓይናዲስ አባት አዳነ። የአዳነ አባት እኔው ሰውአገኝ" ብለው ጀምረው ወደ ላይ ወጡ፤ ስምንተኛው ላይ አመተ ሥላሴ የምትባል የወገራ ሴት ላይ ቆሙ። ስምንቱን ሽምብራ በጨርቅ ቋጠሯቸው። ቀጥሎ ተራው የመሪጌታ ሆነ። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ዜማ እያወረዱ፣ ስሙን አንድ በአንድ ጠሩ።

"የመዝሙር አባት እኔ ወልደ ዮሐንስ። የእኔ አባት ቄስ ገብረ መስቀል። የእሳቸው አባት አለቃ ክንፉ። የእሳቸው አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህር እንግዳ…"

በየስሙ ጠብ ትላለች ሽምብራዋ። ድምፃቸው ደስ ስለሚል ሁላችንም አፋችንን ከፍተን መሪጌታን እናያለን። እኔ ስልኬ እንዳይወድቅ እጠነቀቃለሁ። ዓይናዲስ በሩን ተደግፋ ቆማለች፤ እሷ መዝሙርን፣ መዝሙርም እሷን ያያል። ተሰማ፣ ደስታ፣ ረታ ተጠሩ። "የረታ እናት አመተ ሥላሴ" ሲባል ግን የአያ ሰውአገኝ እጅ ቆመ።

"የወገራዋ?"

"የወገራዋ" አሉ መሪጌታ። "አንዱ ልጇ ለትምህርት ጎንደር ወረደ፤ የእኛ አባት እሱ ነው።"

"ሌላው ልጇ ሞፈር ይዞ እዚሁ ቀረ። የእኛ አባት እሱ ነው።"

 ሽማግሌው በጣታቸው ጫፍ ሰፌዱን እየዳሰሱ ቆጠሩ። አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብለው። ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

"ከእኛ ወገን ስምንት። ከእናንተ ወገን ሰባት።" ፊታቸውን ወደ መዝሙር መለሱ፤ ድምፃቸው ራራ። "ልጆቼ፣ እህትና ወንድም ናችሁ።"

 መሪጌታ ስሙን እንጂ ቁጥሩን አይዙም፤ ቆጣሪ ባለበት ራስ መቁጠር ነውር ነው። አያ ሰውአገኝ ሽምብራውን በሌላ ጨርቅ ቋጥረው ሁለቱንም ቋጠሮ ምሰሶው ላይ አሰሩ። እንዲህ ከተሰቀለ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

መዝሙር ወደ በሩ አየ። ዓይናዲስ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያየችው ቆየችና ዞር ብላ ወጣች። በሕይወቴ ብዙ የነገሥታት ውድቀት አስተምሬያለሁ፤ አንዱም እንደዚያ ልቤን አልሰበረውም።

* * *

ሳምንቱ እንዴት አለፈ አትበሉኝ። መዝሙር "ውድ እህቴ" ብሎ ደብዳቤ ጀመረ፤ ቀደደው። ሁለተኛም "ለእህቴ ለዓይናዲስ" ብሎ ጀመረ፤ ይህን ቀድዶ ዳርዳሩን በላው። ከእሷም ምንም አልመጣም። ረቡዕ ዕለት ዳኛው መጥቶ ያመጣው ወሬ ብቻ ነው፤ ወደ አይከል ዝውውር ጠይቃ ተፈቅዶላታል፤ ቅዳሜ ጠዋት ትሄዳለች።

"ጋሽ ውዱ" አለኝ ሐሙስ ዕለት መምህራን ክፍል ሁለታችን ብቻ ስንቀር። "ወደ ድሮ መሄድ ቢቻል ኖሮ…"

"ሄደህ ምን ታደርጋለህ?"

"አንድ ትውልድ እጨምራለሁ።"

"ትውልድ እንዴት ተብሎ ይጨመራል?"

"ከአያቶቼ አንዱን ቶሎ አግባ እለዋለሁ። ሁሉም አርባ ዓመት እየሞላቸው ነው ያገቡት፤ ሲማሩ፣ ሲማሩ… ትምህርት ጎዳኝ፣ ጋሽ ውዱ።" እንባው መጣ። "እባክዎ ያችን ቪዲዮ ያሳዩኝ። በሩ ጋ የቆመችበትን ብቻ።"

አሳየሁት። አንዴ አየ። "ይድገሙልኝ" አለ፤ ደገምኩ። አምስተኛው ላይ እኔን ሰለቸኝ። እሷን ማየት ትቼ ሌላ ሌላውን ማየት ጀመርኩ፤ ዳኛው የተዋሰውን ነጠላ፣ የመሪጌታን የተጨፈነ ዓይን፣ ከዚያ ደግሞ ከታች ጥግ ላይ የመዝሙርን እጅ።

እጁ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ግራ!

"እስቲ መልሰው" አልኩ።

"እሷን?"

"እጅህን።"

መለስነው። መሪጌታ "መምህር እንግዳ" ይላሉ። ሽምብራዋ ጠብ ትላለች። የመዝሙር ዓይን በሩ ላይ ተተክሏል። ግራ እጁ ግን እንደማያውቀው ሰው እጅ ቀስ ብሎ ወደ አያቶቹ ሰፌድ ይሄዳል፣ አንዷን ሽምብራ ያነሣል፣ ወደ አፉ ይወስዳል። ከዚያ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ቀረጭ!

 ጣቴን አጥፌ ስሞቹን ቆጠርኩ። ከመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እስከ አመተ ሥላሴ፣ ስምንት።

"መዝሙር" አልኩት፣ ትከሻውን ይዤ። "መምህር እንግዳን በልተሃቸዋል።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፈ ጊዜ አይታይም ስል ኖሬ፣ አየሁት። እዚያው መዳፌ ላይ ሲያኝክ አየሁት። ፊዚክስ አሸነፈኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልተናደድኩም።

* * *

አሁን ችግሩ ማወቁ አልነበረም፤ መናገሩ ነው። አያ ሰውአገኝን ቆጠራዎ ጎድሏል ማለት ስልሳ ዓመት የተከበረ ስም መንካት ነው። አባረውን ቢያስወጡን ደግሞ ሁለተኛ የሚሰማን የለም፤ ዓይናዲስም ትሄዳለች። ያም ሆኖ ቅዳሜ ማልደን ወጣን፤ እኔ፣ መዝሙር፣ ለምን እንደሚሄዱ ያልተነገራቸው መሪጌታ፣ ከዳኛው ጋር። መዝሙር በመንገድ ሙሉ እጆቹን ታፋው ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው።

ስንደርስ የዓይናዲስ ቦርሳ ደጁ ላይ ታስሮ ቆሟል። እሷ የቦት ጫማዋን ጭቃ ታጥብ ነበር። ቀና ብላ መዝሙርን ስታይ ጫማው ከእጇ ወደቀ።  ወይዘሮ ሸዋአየሁ "ምነው፣ ምን ቀራችሁ?" አሉ፣ ገና ሳንቀመጥ።

አያ ሰውአገኝ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ስልኬን አወጣሁ።

"አያ፣ ያን ዕለት የያዝኩትን ላሳይዎ ነበር።"

"ምን ዓይን አለኝና? አሰማኝ እንጂ።"

አሰማኋቸው። የራሳቸው ድምፅ ከስልኩ ሲወጣ ፈገግ አሉ። መሪጌታም የራሳቸውን ዜማ እየሰሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወልደ ዮሐንስ… ገብረ መስቀል… አለቃ ክንፉ… መምህር እንግዳ…

ቀረጭ።

"ቁም!" አሉ አያ ሰውአገኝ። ጆሯቸው እንደ ዓይናቸው አልደከመም። "ያ የተሰበረ ምንድን ነው?"

መዝሙር ተንበረከከ። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ቀልቷል።

"አያ፣ መምህር እንግዳ ናቸው።"

"ማለት?"

"በላኋቸው።"

"መምህር እንግዳን?!" መሪጌታ ዘለው ተነሡ። "የድጓውን መምህር? እግዚኦ! ልጄ ጎንደር ያከበረችውን ሰው እንደ ቆሎ…"

"አላወቅሁም፣ አባዬ። እጄ ነው። ዓይኔ በር ላይ ነበር።"

አያ ሰውአገኝ እጃቸውን ዘርግተው የመዝሙርን ራስ ዳሰሱ።   "ጣመህ?" አሉት።

"አላጣጣምኩትም፣ አያ። ልቤ እሷ ጋ ነበር።"

ከኋላዬ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ፤ ወይም ለቅሶ ይሆናል፤ የዓይናዲስ ነው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። "እኔ የቆጠርሁት አይደገምም" አሉ ቀስ ብለው። "ስልሳ ዓመት አልተደገመም። ለልጅ ልጄ ብዬ ብደግመው፣ ነገ ሁሉም ድገምልኝ ይለኛል። ያፈረስሁት ጋብቻ ሁሉ ይነሣብኛል።"

 መዝሙር ግን አልተነሣም።

"ይደገም አላልኩም፣ አያ። የእርስዎ ቆጠራ ልክ ነው፤ በሰፌዱ ላይ የነበረው ሰባት ነበር። ሌባው እኔ ነኝ። በዚህ ሳምንት ወደ ድሮ የሚመለስ መንገድ ቢኖር ብዬ ያላሰብኩት የለም፤ ሄጄ እጄን ልይዘው። መንገዱ የለም። ግን የወሰድኩትን ልመልስ። ስሰጥ ካልተቀበሉኝ ይህችን ልጅ በወንድምነት ልሸኛት ነው፤ እኔ ደግሞ ለእሷ ወንድም መሆን አልችልም። ሞክሬያለሁ፤ አልችልም!"

ዓይናዲስ መጥታ አጠገቡ ቆመች። "አባባ" አለች። "ያለቀስሁት በሰባት ነው። ስምንት መሆኑን ሳላውቅ ነው።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አቀኑ። እኔ ያቺን ስምንት ደቂቃ ሙሉ የተቀመጡ መሰለኝ።

"ስልሳ ዓመት ስቆጥር" አሉ በመጨረሻ፣ "አያት ሊጨምር የሚመጣ አይቻለሁ። ሊቀንስ የሚመጣም አይቻለሁ። በልቻለሁ ብሎ የመጣ ግን ይህ ልጅ የመጀመሪያው ነው። ሸዋአየሁ! ያን ቋጠሮ ከምሰሶው አውርጂ። አንድ ሽምብራም አምጪልኝ፤ የተቆላ።"

ቋጠሮው ወረደ። ተፈታ። ሰባቱ ሽምብራ ሰፌዱ ላይ ሆኑ። አያ ሰውአገኝ የመዝሙርን ግራ እጅ ፈልገው ያዙት።

"በዚህ ነው የበላህ?"

"በዚህ ነው።"

"እንግዲያ በዚሁ መልስ። ስማቸውንም ጥራ።"

መዝሙር ሽምብራዋን በሁለት ጣቱ ያዘ። እጁ ወደ አፉ አቅጣጫ ትንሽ የዳዳ መሰለኝና "መዝሙር!" ብዬ ጮህኩ። ወደ ሰፌዱ አወረደው።

"መምህር እንግዳ" አለ፤ ሽምብራዋም ጠብ አለች።

"ስምንት" አሉ አያ ሰውአገኝ። "አልደገምሁም፤ ሞላሁት እንጂ። ስምንትና ስምንት። ዝምድናችሁ አልቋል፣ ልጆቼ።"

ወይዘሮ ሸዋአየሁ እልልታቸውን አቀለጡት። መሪጌታ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ሽምብራዋን እያዩ "ይቅር ይበሉህ መምህር" እያሉ አማተቡ። ዓይናዲስና መዝሙር ጎን ለጎን ቆመው መነካካት አልቻሉም፤ ሰው ሁሉ አለ። 

ዳኛው በዚህ መሀል ግንባሩን መታ። "ውይ! ረስቼ!" ብሎ ወደ ሚኒባሱ ሮጠና አንድ የተጣጠፈ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። "መዝሙር፣ ይህ ያንተ ነው። ማክሰኞ ነበር የሰጠችኝ፤ ደባርቅ ሁለቴ ሄዶ መጣ።"

የዓይናዲስ ፊት ደም መሰለ። "ስጠኝ! አታንብበው! ያ ድሮዬ ነው!"

መዝሙር ግን ከፍቶታል። እኔም በትከሻው በኩል አነበብኩ፤ ልማድ ነው።

"መዝሙር፦ ውድ ወንድሜ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። እንደ ወንድም ልወድህ ሞክሬያለሁ። ሰኞ ሞከርኩ። ዛሬ ደግሞ አርባ በግ ስከትብ ዋልኩ፤ በየበጉ መሀል ሞከርኩ። አልሆነም። ወንድም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ አንድ አለኝ፤ እሱን ሳስበው ትዝ የሚለኝ ወስዶ ያልመለሰው ጃንጥላዬ ነው። አንተን ሳስብ ግን መርፌውን የት እንዳኖርኩት ይጠፋኛል። አይከል የምሄደው ልረሳህ ብዬ አይደለም። ዳኛው መንገዱ ላይ ጡሩምባ በነፋ ቁጥር ሮጬ እንዳልወጣ ነው። ይህ ሲደርስህ ሄጃለሁ፤ የምታነበው ድሮዬን ነው። ግን አንተው ነህ ያስተማርከኝ፤ ብርሃኑ ዘግይቶ ቢደርስም ፀሐይዋ እዚያው ናት። ዓይናዲስ።"

መዝሙር አንብቦ ጨርሶ ቀና አለ።  ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ ከሩቅ ያያታል።

"አሁንስ?" አላት በመጨረሻ።

ዓይናዲስ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "እዚያ ቆመህ ምን ታውቃለህ?" አለችው። "ቅረብና የዛሬዬን እይ።"

ቀረበ። እኔ ፊቴን ከቤቱ በታች ወዳለው ገደል አዞርኩ፤ የታሪክ መምህር ሁሉን ነገር ማየት የለበትም። ወይዘሮ ሸዋአየሁ የሽምብራውን ሰፌድ አንሥተው ከመዝሙር ራቅ አድርገው ሲያስቀምጡ ግን አየሁ።

ከዚያ ዳኛውን በክንዱ ይዤ ወደ ሚኒባሱ ጎን ወሰድኩት። ከኮቴ የውስጥ ኪስ አንድ ፖስታ አወጣሁ። ዳርዳሩ ተላልጧል።

"ዳኛው፣ በእንፍራንዝ መስመር የሚነዳ ጓደኛ አለህ?"

"አለ። ለማን ነው?"

"ለአንዲት ሴት ነው። ትንሽ ዘግይቷል።"

"ምን ችግር አለው፣ የእኔም ይዘገያል" አለ ፖስታውን እየተቀበለኝ። "ስንት ቀን?"

"አሥራ አራት ዓመት" አልኩት።